የዲዛየር ቸርኬ ለቪትዝ ይሆናል? ማር ጭኜ ነው የምነዳው

የሐናን እናት (ጅማ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። የ2002 ሞዴል፣ 1 ሺህ ሲሲ። የምኖረው ጅማ ቆጪ ነው። ማር ነጋዴ ነኝ። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ወደ ሰቃ፣ አንዳንዴም ወደ አጋሮ እሄዳለሁ። ማሩን በሃያ ሊትር ጀሪካን ጭኜ እመለሳለሁ። የኋላ ወንበሯን ሳጥፈው ስድስት ጀሪካን ትይዝልኛለች። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህች መኪና ነው። ስለዚህ የማይሆን ነገር አስሬባት እንዳላበላሻት እፈራለሁ።

ችግሯ ሆዷ ነው። ዋናው መንገድ አስፋልት ስለሆነ እሱ ላይ ምንም አትልም። ከአስፋልቱ ወርጄ ገበሬዎቹ ደጅ ድረስ ስገባ ግን ማርሚታዋ ድንጋይ ይመታል። ክረምት ላይ አይሱዙ የሄደበት መንገድ ግራና ቀኙ ይቦረቦርና መሃሉ ጉብ ይላል። እዚያ ላይ በሆዷ እየተጎተተች ነው የምታልፈው። ባለፈው ሳምንት የማርሚታው ማንጠልጠያ ተበጥሶ በሽቦ አስሬው ነው ጅማ የገባሁት።

አሁን አንድ ልጅ የሱዙኪ ዲዛየር ቸርኬ አመጣልኝ። አሥራ አምስት ቁጥር ነው፣ አሉሚኒየም፣ አራቱም ከነጎማቸው። ጎማው ላይ 185/65 አር15 ይላል። ጥርሱ ገና አልተበላም። የእኔ የብረት ቸርኬ አሥራ ሦስት ቁጥር ነው፣ ጎማዬ ደግሞ 155/80 አር13። ልጁ 45 ሺህ ብር ብሎኛል። «ቀዳዳው አራት፣ ያንቺም አራት፤ ዳዶውንም አብሬ እሰጥሻለሁ፣ ዛሬውኑ አስረሽ ትሄጃለሽ» ነው የሚለው።

ከቪትዟ ጎማ አጠገብ አቁሜ ሳየው ከፍታው በዓይን ይለያል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ወድዶታል። ግን ቀዳዳው አራት ስለሆነ ብቻ ይገጥማል ማለት ነው? ከሌላ መኪና የመጣ ቸርኬ አስሮ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ዓመት ውስጥ ሦስት አራቴ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ሳስበው እንዲሁ ደፍሬ ማሰር አልቻልኩም።

ጎሚስታ ከሂርማታ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ልጁ የሚሰጥሽን ዳዶ እንዳታስሪው። ሌላው ሁሉ ተለክቶ ይታያል። ዳዶው ግን አይሆንም።

የቶዮታ የጎማ ቡሎን 12 በ1.5 ነው። የሱዙኪ 12 በ1.25 ነው። ሁለቱም ውፍረታቸው 12 ሚሊ ስለሆነ በዓይን አይለዩም። የሚለየው የጥርሳቸው ርቀት ነው። የሱዙኪውን ዳዶ ቪትዝሽ ቡሎን ላይ በእጅሽ ስታዞሪው አንድ ሁለት ዙር ይሄድና ይነክሳል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ዝጎ ነው» ይልና በረጅም መፍቻ ይጫነዋል። ይገባል። ሲገባ ግን የቡሎኑን ጥርስ እየላጠ ነው። ከላይ ሲያዩት ጥብቅ ብሎ የታሰረ ይመስላል። የያዘው ነገር ግን የለም። እኔ ጋ በዚህ ምክንያት ቡሎናቸውን አውጥቼ የቀየርኩላቸው መኪኖች አሉ። ሁሉም «ትናንት ነው ያሰርኩት» ብለው ነው የመጡት።

ዲዛየር 4 በ100 ነው፤ አራት ቀዳዳ ሆኖ በቀዳዳዎቹ መሃል የሚያልፈው ክብ ስፋቱ 100 ሚሊ ነው ማለት ነው። ቪትዝም 4 በ100 ነው። የመሃሉም ቀዳዳ ሁለቱም ላይ 54.1 ሚሊ ነው። በዚህ በኩል ዕድለኛ ነሽ። የዲዛየሩ ቸርኬ የዳዶ መቀመጫ እንደ ብረት ቸርኬሽ ሾጣጣ ነው። ስለዚህ ከታሰረ በራስሽ ዳዶ ነው የሚታሰረው። አሉሚኒየም ከብረት ቸርኬ ስለሚወፍር ዳዶው ስንት ዙር እንደሚሄድ ቁጠሪ። በእጅሽ ከጀመርሽበት እስኪነካ ቢያንስ ስምንት ዙር መሄድ አለበት። ከዚያ ካነሰ ተይው።

ሌላ ቀን ቶዮታ ራሱ ያመረተውን አሉሚኒየም ቸርኬ ካገኘሽ ደግሞ ዳዶው ይለያል። የእሱ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለ አንገትና ጠፍጣፋ ሮንዴላ አለው። እሱ ላይ ሾጣጣ ዳዶ አይታሰርም፤ ጠርዙን እየቆረጠ ይለቃል። ቸርኬ ስትገዢ ዳዶውን አብረሽ ጠይቂ የምለው ለዚህ ነው። አሁን ግን ልጁ የያዘው ዳዶ ለእሱ ቸርኬ እንጂ ለአንቺ ቡሎን አይደለም።

ባለ ኮሮላው፦

ሰላም እህቴ። ጎሚስታው ስለ ዳዶው የነገረሽን እንደ ወንድም ምክር ያዢው። እኔ ስለ ቀዳዳው ልጨምርልሽ፤ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ነገር ነው።

ከዛሬ 20 ዓመት በፊት አንድ አሮጌ ኮሮላ ነበረችኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ያገለገለ የፊያት አሉሚኒየም ቸርኬ ገዛሁ። አራት ቀዳዳ ነበረው፣ የእኔም አራት። የሸጠልኝ ሰው እዚያው አሰረልኝ። አንደኛው ዳዶ በቀላሉ ገባ። ሌሎቹ ትንሽ ተጎትተው ገቡ። ቆሜ አይቻለሁ። ዳዶው ቡሎኑን ወደ ጎን ሲስበው በዓይኔ እያየሁ «አዲስ ስለሆነ ነው» አልኩ።

የፊያቱ 4 በ98 ነበር። ኮሮላዋ 4 በ100። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። በየቀዳዳው አንድ ሚሊ ማለት ነው። የመሃሉ ቀዳዳም 58.1 ስለነበር የኮሮላዋን 54.1 ሞዞ (ቸርኬው የሚቀመጥበትን የመሃል ብረት) አይነካውም። ቸርኬው ሞዞው ላይ አልተቀመጠም፤ በተጣመሙ አራት ቡሎኖች ላይ ነው የተንጠለጠለው።

በማግስቱ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ ጅማ ተነሳሁ። እስከ ወልቂጤ መሪው ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባላንስ ነው ብዬ አለፍኩት። ወልቂጤን አልፌ ወደ ጊቤ ስወርድ ግን ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው እጄን ይመታኝ ጀመር። ድልድዩ ጋ ሳልደርስ ዳር ይዤ ቆምኩ። የፊት ግራው ጎማ ላይ አንዱ ቡሎን ተቆርጦ ወድቋል። ሁለቱ ዳዶዎች በጣት ይዞራሉ። የያዘው አንድ ብቻ ነበር። ቸርኬውን ሳወጣው ክብ የነበሩት ቀዳዳዎች እንቁላል ሆነዋል። ዙሪያቸው የአሉሚኒየም ዱቄት ነበር፤ ጣቴ ላይ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ልጆቼ ከኋላ ተኝተው ነበር። ያንን ዱቄት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ደግነቱ ስኮርታዬ የመኪናዋ የራሷ የብረት ቸርኬ ነበር። በቀሩት ሦስት ቡሎኖች አስሬው፣ ሌሎቹን በየሃያ ኪሎ ሜትሩ ቆሜ እያጠበቅሁ ሌሊት ላይ ጅማ ገባን።

ስለዚህ የዲዛየሩን በወሬ ሳይሆን በልክ እይው። 4 በ100 መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ግን ልጁ ያመጣው የእውነት የዲዛየር መሆኑን ቸርኬው ራሱ ይንገርሽ። በልብስ ሜትር ሁለት ሚሊ አይያዝም። አጂፕ አካባቢ ካሉት ቶርኖ ቤቶች አንዱ ጋ ውሰጂውና በካሊፐር ይለኩልሽ። ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ለመለካት አትድከሙ፤ መሃሉ አይታይም። ከአንዱ ቀዳዳ የግራ ጠርዝ ተነስታችሁ በትይዩ እስካለው ቀዳዳ የግራ ጠርዝ ለኩ። ለአራት ቀዳዳ ቸርኬ የሚመጣው ቁጥር ራሱ ልኩ ነው። (አምስት ቀዳዳ ላለው ትይዩ ስለሌለ ከጎረቤት ቀዳዳ ጋር ይለካና በ1.7 ይባዛል።) ከዚያ የመሃሉን ቀዳዳ ለኪ።

ቀጥሎ የመቀመጫው ጥልቀት አለ። ባለሙያዎቹ ከዚህ ጋር የሚያያዘውን ቁጥር ኢቲ ይሉታል፤ አንዳንድ ቸርኬ ከጀርባው ተጽፎበታል። ጽሑፉ ከጠፋ እንዲህ አድርጊ። ቸርኬውን በፊቱ መሬት ላይ አስተኚው። ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድሚ። ከጣውላው ወደ ታች፣ ሞዞው ላይ እስከሚቀመጠው ገጽ ድረስ በማስመሪያ ለኪ። የአሮጌውንም እንዲሁ ለኪ። አዲሱ ጥልቀቱ ከበለጠ ጎማው በዚያ ልክ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሾካብዞርቨሩ ይጠጋል። ካነሰ ወደ ውጭ፣ ወደ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ወዳለው ሽፋን) ይወጣል። ወደ ውጭ በጣም የወጣ ጎማ ኩሽኔታ ይበላል።

ያገለገለ ስለሆነ ደግሞ ጀርባውን በሳሙና ውሃ አጥበሽ በፀሐይ እይው። ከውስጥ የብየዳ ምልክት ካለው፣ ወይም ውስጡ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ አትግዢ። ቀዳዳዎቹን በጣትሽ ዳሺያቸው። ክብ ካልሆኑ ከዚያ በፊት ላልቶ ተነድቶበታል። ጎሚስታ ጋ ባላንስ ማሽኑ ላይ ይዙርና ጠርዙ ይወዛወዝ እንደሆነ እይ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ሆዷ የሚነካው ባዶዋን ስትሄጂ ነው ወይስ ማር ጭነሽ ስትመለሺ? ሜትር ያዢና ከጎማው መሃል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኪ። የፊቱንም የኋላውንም፣ ባዶዋንም ተጭናም። ቁጥሩን ሳላይ ስለ ከፍታው ምንም ማለት አልችልም።

የሐናን እናት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጆቹ ተኝተው ነበር ያሉት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ይህንኑ ሥራ አድርጌ ዋልኩ።

ልጁን ለምኜ አንዱን ቸርኬ ይዘን ቶርኖ ቤት ሄድን። በካሊፐር ተለካ። ከጠርዝ ጠርዝ ልክ 100 ሆነ። የመሃሉ 54.1። ብየዳ የለውም፣ ቀዳዳዎቹም ክብ ናቸው። ጥልቀቱን እንዳሉኝ በጣውላ ለካሁት። የእኔ የብረቱ 11 ሴንቲ ተኩል፣ የዲዛየሩ 12 ሴንቲ ከአንድ ሚሊ። ስድስት ሚሊ ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

የሱዙኪውን ዳዶ ደግሞ በራሴ እጅ ሞከርኩት። ጎሚስታው እንዳለው ነው። ሁለት ዙር እንደ ቅቤ ሄደና ቆመ። ልጁ መፍቻ አንስቶ «ትንሽ ብትጫኚው» ሲለኝ እጁን ያዝኩት። ወደ ኋላ መልሼ አወጣሁትና የራሴን ዳዶ አስገባሁ። ዘጠኝ ዙር ሄዶ ነካ። ደስ አለኝ።

ከዚያ የፊት ግራው ላይ ብቻ አስረን ከክሪክ አወረድናት። መሪውን ወደ ቀኝ ሙሉ በሙሉ አዞርኩት። ከኋላ በኩል፣ ከበሩ ፊት ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ ጎማው ሲልሰው ይሰማል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ፕላስቲኩ ላይ ያለው ጭቃ አንድ ጋት ያህል ተጠርጎ ያብለጨልጫል። ገና ሰው ሳይጫንባት ነው ይህ። ልጁ «እሱን ፕላስቲክ በቢላ መቁረጥ ነው» አለኝ። አልተስማማሁም።

ከፍታውን እንዲህ ለክቻለሁ። ባዶዋን ፊቷ 35፣ ኋላዋ 33 ሴንቲ። ስድስት ጀሪካን ማር ጭኜ ኋላዋ 27 ሆነ። ፊቷ ብዙም አልተለወጠም። ጎረቤቴ እንደ እኔው ዓይነት ቪትዝ አለው። የሱን ባዶውን ብለካው ኋላው 36 ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ሆዷ የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ስመለስ ነው። ስሄድ ማርሚታው የሚነካው እዚያ ጉብ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ነው።

የቦንጋ መስመር ሹፌር፦

ሰላም። እኔም ቪትዝ ነው የያዝኩት፣ አሥራ አምስት ቁጥር አሉሚኒየም ታስሮበታል። ጎማዬ ግን 185/55 አር15 ነው። ምንም አይነካም። መሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ኩርባ ላይ መሬት ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ እህቴ ቸርኬውን ሙሉ በሙሉ አትተይው፣ ጎማውን ብቻ ቀይሪ ነው የምለው።

የሚጎዳው ነገር አለ፣ አልደብቅሽም። ጎማው ስስ ነው፣ ጉድጓድ ስትገቢ ቸርኬው ራሱ ይመታል። ከመናኸሪያው ወደ ውስጥ ያለው ኮብልስቶን ላይ አንዱ ተሰንጥቆብኝ አስበየድኩት። እስካሁን እየሄደ ነው።

ጎሚስታ ከሂርማታ፦

ወንድሜ፣ የተበየደውን አውልቀው፤ ስኮርታ እንኳን አታድርገው። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ሲበየድ ዙሪያው በሙቀቱ ይደክማል። ቀጥሎ ሲሄድ ነግሮህ አይሄድም። የብረት ቸርኬ ቢጣመም በመዶሻ አቀናልሃለሁ፣ አየሩን እየለቀቀም ቢሆን ቤትህ ያደርስሃል። አሉሚኒየሙ ተሰብሮ ነው የሚለቀው። ለቡና መንገድና ለማር መንገድ እኔ ብረት ነው የምወደው። ውበቱ ይቅርብኝ።

ለእህታችን ደግሞ፦ የቦንጋ መስመር ሹፌሩ የያዘው ጎማ ቁመቱ 58 ሴንቲ ተኩል ነው፣ የአንቺ አሁን ያለው ደግሞ 57.8። የእሱን ዓይነት ጎማ በአሥራ አምስት ቁጥር አስረሽ የምታገኚው ከፍታ ሦስት ሚሊ ብቻ ነው። የጎማው ጎን ግን ከ12.4 ሴንቲ ወደ 10.2 ይወርዳል። ድንጋይ የሚመታው ጎኑን ነው። አንቺ የፈለግሽው ከፍታ እንጂ ውበት አይደለም መሰለኝ።

ባለ ኮሮላው፦

እህቴ፣ በደንብ ነው የለካሽው። እንዲህ ለክቶ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ራሱ ደስ ይላል።

የጎማ ቁመት አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሌላ ጊዜ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። የጎማውን ወርድ (የመጀመሪያውን ቁጥር) በመቶኛው (በሁለተኛው ቁጥር) አባዢ፣ የጎኑን ቁመት ታገኛለሽ። እሱን እጥፍ አድርጊና የቸርኬውን ቁጥር በ25.4 ሚሊ አባዝተሽ ደምሪበት። የአንቺ 155/80 አር13 ሲሠራ 578 ሚሊ ነው። የዲዛየሩ 185/65 አር15 ሲሠራ 621 ተኩል ነው። ልዩነቱ 43 ሚሊ ነው። ግማሹ፣ 21 ሚሊ ግድም፣ ወደ ላይ ያነሳሻል። ግማሹ ደግሞ ከላይ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። ፕላስቲኩን የላሰው እሱ ነው።

በመቶኛ ሲታይ 7.5 ነው። ብዙ ነው። እኔ ከ3 እንዳያልፍ ነው የምመክረው። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያሽ 80 ሲል እውነቱ 86 ይሆናል። የ1 ሺህ ሲሲ ሞተር ደግሞ ያን ትልቅ ጎማ ማዞር አለበት። ከጊቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ በኩል ስትወጪ በሦስተኛ ትወጪው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ነው የምትወጪው። ፍሬንሽም እንደዚያው። ጎማ ባደገ ቁጥር ያው ፍሬን ያንኑ መኪና ለማቆም አቅሙ ይቀንሳል። ቁልቁለቱን አስቢው።

አሁን ወደ ከፍታው። የአንቺ መኪና ባዶዋን ኋላዋ 33 ነው፣ የጎረቤትሽ 36። አንድ ዓይነት መኪና ናቸው። ሦስት ሴንቲ የጎደለው ጎማ ላይ አይደለም፣ ሞላው ላይ ነው። የኋላ ሞላሽ ደክሟል። ምን እንዳደከመው ደግሞ አንቺው ነግረሽናል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ይመስልሻል? ማር ከውሃ ይከብዳል። አንድ ሊትሩ ወደ 1.4 ኪሎ ነው። አንድ ጀሪካን 28 ኪሎ፣ ስድስቱ 168 ኪሎ። ሁለት ትልልቅ ሰዎችና አንድ ልጅ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ እየተቀመጡ ለዓመታት ተመላልሰዋል ማለት ነው። ሞላ ብረት ቢሆንም ይሰለቻል።

ስለዚህ እኔ ብሆን ቸርኬ አልገዛም። የኋላ ሞላዎቹን ጥንድ ጥንዱን አብሬ እቀይራለሁ፤ አንዱን ብቻ መቀየር መኪናዋን ያዘማታል። ጀሪካኖቹንም በተቻለ መጠን ወደ ፊት፣ ወደ ወንበሩ ጀርባ አስጠጊያቸው። ጫፍ ላይ የተቀመጠ ጭነት ኋላዋን ከክብደቱ በላይ ይጫናታል። ከዚያ በኋላም ከፍታ ካነሰሽ፣ በዚያው በብረት ቸርኬሽ ላይ 165/80 አር13 ጎማ ይታሰራል። ቁመቱ 594 ሚሊ ነው። ስምንት ሚሊ ያነሳሻል፣ ከመቶ 3 አይሞላም፣ ጎኑም ከአሁኑ ይወፍራል። ዳዶ አይቀየር፣ ቡሎን አይነካ።

ጎሚስታ ከሂርማታ፦

ጋሼ ጨረሱት። እኔ ከዚህ የምጨምረው ሞላው ሲቀየር ሾካብዞርቨሩንም አብረሽ አሳይው። ዘይት ካለቀሰ አብሮ ይቀየር፣ ሁለት ጊዜ የጉልበት ዋጋ እንዳትከፍይ። ጎማ ስታስሪም ዳዶውን በመስቀል አጠባበቅ ይጥበቅ። አንዱን ካሰርሽ በኋላ ትይዩውን፣ ከዚያ ሌሎቹን። ለቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር ነው ልኩ። እንደ ትልቅ መኪና ቱቦ ሰክቶ የሚጠብቅልሽን ሰው እምቢ በዪው፤ ቡሎን ይሳባል።

የሐናን እናት፦

ሰላም፣ ሁለት ሳምንት ጠፋሁባችሁ።

ቸርኬውን ለልጁ መለስኩለት። መጀመሪያ ከፋው፣ ግን ባለ ዲዛየር ገዢ ራሴ ፈልጌ አገናኘሁት። አሁን ሲያየኝ ሰላም ይለኛል። ዳዶዎቹም ከመኪናቸው ጋር ተገናኙ።

የኋላ ሞላ ጥንዱን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጣሁ። ሲወጣ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን መሬት ላይ አቆምኩት። የአሮጌው ቁመት ከአዲሱ በአውራ ጣቴ ርዝመት ግማሽ ያህል ያንሳል። ጋሼ፣ እኔ ስንት ጊዜ ጎማ ጎማ ስል የኖርኩት! አሁን ባዶዋን 36፣ በስድስት ጀሪካን 31 ሴንቲ ነው። ጀሪካኖቹንም እንዳሉኝ ወደ ፊት አስጠጋኋቸው። ማክሰኞ ሰቃ ደርሼ ጭኜ ስመለስ ያ ጉብ ያለው ቦታ ላይ ድምፅ አልሰማሁም። ወርጄ ሁሉ አየሁ፣ ሣሩን ነው ነክታ ያለፈችው።

አሁን የቀረኝ ጎማው ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ 165/80 አር13 አገኘሁ፣ አራቱንም። ያልተነዳበት ነው፣ ጥርሱ ላይ ያለው ጭገር ሁሉ አለ። ዋጋውም ረከስ ይላል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 1219 ይላል። ይህ ምንድን ነው?

ጎሚስታ ከሂርማታ፦

የተመረተበት ጊዜ ነው። የ2019 ዓ.ም. 12ኛ ሳምንት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ መጋቢት 2011 መሆኑ ነው። ዋጋው የረከሰው ለዚህ ነው። ጭገሩ አያታልልሽ፤ ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ጎኑን በሁለት አውራ ጣትሽ አጥፈሽ እይው፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ደቃቅ ስንጥቅ ታያለሽ። ለ168 ኪሎ ማር እሱን አላስርልሽም። መጨረሻው ሁለት ቁጥር ካለፈው ዓመት ወይም ከዘንድሮ የሆነ ፈልጊ፣ ካጣሽ እኔ አስመጣልሻለሁ።

ስታመጫቸው ጠዋት ነይ። አስሬልሽ አጋሮ ደርሰሽ ተመለሺ፣ ደርሶ መልሱ 90 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከዚያ በዚያው እኔ ጋ ቁሚና አሥራ ስድስቱንም ዳዶ እንደገና አጠብቅልሻለሁ። ለእሱ አላስከፍልም።